ገመናችንን ለማን እንንገር?

ከሕመም ሁሉ የሚከብደው ባለቤቱ ለሰው ሊናገረው ያፈረበት ሕመም ነው። ራሱን ያመመው ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ «ዛሬስ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» ቢል ያገኘው ሁሉ ያዝንለታል፤ አንዱ ኪኒን ያቀብለዋል፤ ሌላው ወደ ቤትህ ግባ ይለዋል። ትናንት ማታ በጠጣው አረቄ ምክንያት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን እጁን በኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ያልፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን፤ እኛም እንተርተዋለን። ዳሩ ግን አንድ ወዳጃችን በሽታውን ሊገልጥልን በመጣ ቀን እንዴት አድርገን እንደምንቀበለው ያስተማረን ሰው የለም።

ስለዚህ በዛሬው እሑድ ከአንባቢዎቻችን ጋራ፣ ይልቁንም እንደ እኛው ከትምህርት ወንበር ወደ ሥራ ወንበር ገና ከተዛወሩት ወጣቶችና ነገ ለመዛወር ከሚዘጋጁት ተማሪዎች ጋራ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። ከመጠጥ ወይም ከጫት ሱስ ለመላቀቅ የሚታገል ሰው ገመናውን ለማን ይንገር? የሚሰማውስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሁን? ይህን ጉዳይ የመረጥነው ሌላውን ለመገሠጽ ብለን አይደለም፤ በዚሁ ነገር ተሳስተን ሰው የበደልን እኛው ስለ ሆንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት መሥሪያ ቤት አንድ ወዳጅ ነበረን፤ አሁንም አለን። ስሙንም፣ መሥሪያ ቤቱንም፣ የሥራውንም ዓይነት አንጠራም፤ ምክንያቱን አንባቢ በመጨረሻው ላይ ያገኘዋል። ይህ ወዳጃችን ሥራውን ዐዋቂ፣ ጨዋታው የሚጥም፣ ለሰው ደግ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ግን የሚሄድበት መንገድ ሁሉ የሚያደርሰው ወደ መጠጥ ቤት ነበር። በመጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ፣ ቀጥሎ ዐርብና ቅዳሜ፣ ኋላም ቀን የማይመርጥ ሆነ። ከቀትር በኋላ ጫት ይቅማል፤ ማታ የጫቱን ምርቃና ለመስበር «ጨብሲ» የሚሉትን መጠጥ ይጠጣል፤ በነጋታው ራሱን ያመዋል፤ ሕመሙን ለማስታገሥ ደግሞ ማለዳ አንድ መለኪያ ይቀምሳል። ከሥራ በቀረ ቍጥር በለቅሶ ያሳብብ ስለ ነበረ፣ አንዲቱን አክስቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደ ቀበራቸው ደርሰንበት ስቀናል። ያን ሣቅ አሁን ስናስበው ያሳፍረናል። አክስቲቱ ደኅና ነበሩ፤ በመሞት ላይ የነበረው እሱ ነው።

አንድ ቀን ማታ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛችን አስጠግቶ ያልጠበቅነውን ነገር ነገረን። ለመተው ሦስት ጊዜ ሞክሮ እንዳልቻለ፣ ማለዳ ሳይቀምስ ፊርማውን አስተካክሎ መፈረም እንደማይሆንለት፣ ከእናቱም መቀነት ገንዘብ ሰርቆ እንደ ወሰደ ነገረን። ይህን ሁሉ ሲናገር ዐይኑ ከወለሉ አልተነሣም። እኛም እጅግ አዘንን፤ አይዞህ አልነው፤ ለማንም አንናገርም ብለን በአባታችን ስም ማልንለት።

መሐላችን ሦስት ቀን አልቆየም። በማለዳ ቡና ላይ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን «ለሱው ብለን ነው፤ አንተም እርዳው» ብለን ነገርነው። ያም «ለሱው ብዬ ነው» ብሎ ለሌላው ነገረ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ድረስ ተዳረሰ። በክፉ ልብ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አዝኖለት ነው። አንዱ መካሪ ሆኖ በሰው ፊት ገሠጸው። ሌላው በግብዣ ላይ ለስላሳ መጠጥ ቢያዝ «መነኰስህ ወይ?» ብሎ ቀለደበት። ሦስተኛው ደግሞ «አንዷ ምን ታደርግሃለች» እያለ ጠርሙሱን ገፋለት። ወዳጃችን ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከእግዜር ሰላምታ በቀር አንድ ቃል አልነገረንም፤ መጠጡንም ከቀድሞው በባሰ ያዘው። ያጠጣነው እኛ ነን አንልም። ነገር ግን ከመጠጡ የሚሸሽበት አንዲት በር በገዛ እጁ ከፍቶ ነበር፤ ያችን በር መልሰን የዘጋንበት እኛ ነን።

ይህ ከሆነ በኋላ ስለ ነገሩ አነበብን፤ የሚያውቁትንም ሰዎች ጠየቅን። ከተረዳነው ሁሉ የመጀመሪያው፣ ሱስ የሰነፍ ሰው ዕጣ ወይም የጠባይ ብልሹነት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ የአልኮልን ጥገኝነት በሕመምነት መድቦታል። አልኮል ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ አንጐል ከሱ ጋራ እየተላመደ ይሄዳል፤ ስለዚህም መጠኑ ይጨምራል፤ በቀረም ጊዜ ሰውነት ይቈጣል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። በብርቱ የለመደ ሰው በድንገት ቢያቆም ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ካልታከመም ሊገድለው ይችላል። እንግዲህ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ጣለው» የሚለው የጓደኛ ምክር ጀግንነት ቢመስልም፣ ለአንዳንዱ ሰው አደገኛ ምክር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም ተጠብቆ፣ በመድኃኒትም እየተረዳ ነው።

ሐኪሙም ይህን ሊያደርግ የሚችለው እውነቱ ሲነገረው ነው። በቀን ስንት መለኪያ? ከስንት ዓመት ጀምሮ? የመጨረሻው መቼ ነበር? ጠርሙስ ሙሉ የሚጨርሰው ሰው «አልፎ አልፎ፣ ለወግ ያህል» ብሎ ቢመልስ፣ የሚታዘዝለት መድኃኒት ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ይሆናል። እኛ በሰምና ወርቅ ንግግራችን እንመካለን፤ መመካታችንም የተገባ ነው። ቅኔ ግን ለሐኪም አይዘረፍም። በሐኪም ፊት ሰሙን ትቶ ወርቁን ብቻ መስጠት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የተረዳነው ነገር መደበቅ ከበሽታው ጋራ አብሮ የሚያድግ መሆኑን ነው። ጠጪው መጀመሪያ የሚዋሸው ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ነው፤ ቀጥሎ ለአለቃው፤ በመጨረሻም ለራሱ። አንድ ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ የሚጠብቀው ሌላ ውሸት ይፈልጋል። ጠርሙሱ የት እንደ ተሸሸገ፣ ለማን ምን እንደ ተባለ፣ የትኛዋ አክስት መቼ እንደ ሞቱ ሲያስታውስ ለሚውል ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይልቅ የሚያደክመው ይኸኛው ሥራ ነው። እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው መጠጡን ባቆመ ዕለት ሰውን ማመን አይጀምርም። ዓመታት ሙሉ የቀረበውን ሁሉ እንደ መርማሪ ሲያይ የኖረ ዐይን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወዳጅን ከመርማሪ መለየት አይችልም። መጠጡ ከእጁ ቢወጣም መደበቁ በልቡ ይቀራል። ከዚያ አንድ ኀዘን ወይም አንድ ንዴት በገጠመው ጊዜ፣ የሚነግረው ሰው ስለሌለው፣ ወደሚያውቀው መጽናኛ ተመልሶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ «መጠጥማ አፍ ያስከፍታል፤ ጠጪ ደግሞ ምን ምሥጢር አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአንድ ማታ በጠጅ ቤት የሚፈሰው እንባና የሚነገረው ገመና ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ያ ንግግር መተማመን አይደለም። ተናጋሪው በነጋታው አያስታውሰውም፤ ሰሚውም ሰክሮ ነበር፤ ቢያስታውሱት እንኳ ሁለቱም እንዳልተባለ ይቈጥሩታል። የታመነው ብርጭቆው እንጂ ሰውየው አይደለም። ወዳጃችን ኋላ እንደ ነገረን፣ በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ በቍልምጫ ስሙ የሚጠሩት አርባ ያህል የመጠጥ ጓደኞች ነበሩት፤ እናቱ የሚኖሩበትን ሰፈር የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አንድ ሰው አልነበረም።

ይህ ዕዳ የእኛ አገር ሰው ብቻ ዕዳ አይደለምና በሌላ አገር የደረሰውንም መመልከት ይጠቅማል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ አክሮን በተባለችው ከተማ የሆነው ታሪክ ነው። በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ሚስተር ቢል ዊልሰን የተባሉ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን ሄዱ። እኒህ ሰው በመጠጥ ምክንያት ኑሯቸውን ያፈረሱ፣ በተደጋጋሚ ሆስፒታል የገቡ፣ መጠጡንም ካቆሙ ገና አምስት ወር ያህል የሆናቸው ነበሩ። የሄዱበት ጉዳይ ከሸፈባቸው። ባረፉበት በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ሲንጐራደዱ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይሰማቸዋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የስልክ መደወያው ይታያቸዋል። መጠጥ ቤቱ እየጠራቸው እንደ ሆነ ገባቸው። በዚያን ጊዜ ወደ ስልኩ ሄደው፣ ለማያውቁት ቄስ ደውለው፣ የሚነጋገሩት አንድ ሌላ ጠጪ እንዲፈልጉላቸው ለመኑ።

በአንዲት የከተማው ሴት አገናኝነት በማግሥቱ፣ በግንቦት 4 ቀን፣ ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ ጋራ ተገናኙ። ዶክተር ስሚዝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸውም መጠጥ ይዟቸው ነበር። ከሩብ ሰዓት የበለጠ አልቀመጥም ብለው መጥተው የተነሡት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ምን ሰምተው ይመስላችኋል? ስብከት አይደለም፤ ስብከት አስቀድሞም ጠግበዋል። ስለ መጠጥ ጉዳት ትምህርትም አይደለም፤ ሐኪም ናቸውና ከተናጋሪው ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። የሰሙት አንድ ሰው የገዛ ገመናውን ሳያሳምር ሲናገር ነው። ሚስተር ዊልሰን ከዚያ በፊት በኒው ዮርክ ጠጪዎችን እየፈለጉ ለወራት ሲሰብኩ ከርመው አንድ ሰው እንኳ ማስተው አልቻሉም ነበር። አሁን ግን የመጡት ረጂ ብቻ ሆነው ሳይሆን ተረጂም ሆነው ነው። ስለዚህ የዶክተሩ ልብ ተከፈተ።

የታሪኩንም መጨረሻ ሳናሳምር እንንገር። ዶክተር ስሚዝ ከዚህ በኋላ መጠጡን ለአጭር ጊዜ ከተዉ በኋላ ወደ አንድ የሐኪሞች ጉባኤ ሄደው እንደ ገና ወደቁ። ሚስተር ዊልሰንም ስለ ወደቁ አልተለዩአቸውም። ዶክተሩ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጡት በሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ በ1943 ዓ.ም. እስከ ሞቱበትም ቀን ድረስ አልተመለሱበትም። ያ የሰኔ 3 ቀን ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው፣ አባሎቹ ሙሉ ስማቸውን ሳይገልጡ የሚገናኙበት የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቈጠራል። ይህ ማኅበር በ1931 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ዐሥራ ሁለት ደረጃዎችን ዘርዝሯል። ከነዚህም አምስተኛው፣ ሰው በደሉን በልቡ ብቻ ይዞ እንዳይቀር፣ ከፈጣሪው ሌላ በሥጋ ላለ አንድ ሰው እንዲገልጠው የሚያሳስብ ነው። ለአደባባይ ይገለጥ አይልም፤ ለአንድ ሰው ነው የሚለው።

ይህ መንገድ ለሰው ሁሉ ይስማማል ማለታችን አይደለም። ቢሆንም ፍሬ እንዳለው ታይቷል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ ከ10 ሺህ የበለጡ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰውን በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር የሚመራው ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በማስተው ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የሚበልጥበት እንጂ የሚያንስበት ብዙ እንዳልሆነ አስታውቋል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ገመናውን አይዘራም» የሚለንን አንባቢ ደግሞ አገሩን መልሶ እንዲመለከት እንለምነዋለን። የንስሐ አባት ያላት አገር፣ ለአንድ ሰው ምሥጢርን መግለጥ የፈረንጅ ፈጠራ ነው ልትል አትችልም። የንስሐ አባት የሰሙትን ይዘው ወደ መቃብር ይወርዳሉ እንጂ ለጎረቤት አያወሩም፤ ሰው የሚነግራቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ዕቁባችንንም ተመልከቱ። ሃያ ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው ለአንዱ ይሰጡታል፤ ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለትም ሰው እስከ መጨረሻው ዙር ይከፍላል ብለው ያምናሉ። በገንዘብ ይህን ያህል የምንተማመን ሰዎች በቃል ለምን አንተማመንም? መልሱ ቀላል ይመስለናል። ዕቁብ የበላ ሰው በሰፈሩ ዘንድ ስሙ ይጠፋል፤ ምሥጢር የበላ ሰው ግን «ለሱው ብዬ ነው» ካለ ማንም አይጠይቀውም። እኛንም የጠየቀን አልነበረም።

የመንግሥት ሕግም በበኩሉ የሚቻለውን አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕግ የመጠጥ ሻጩን አፍ ሊዘጋ ቢችል የጠጪውን አፍ ሊከፍት አይችልም። እሱን የሚከፍተው የሰው ጠባይ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለሚታገለው ወንድማችንና ለምትታገለዋ እኅታችን ጥቂት ቃል አለን። ለሁሉ ንገሩ አንልም። በመሥሪያ ቤት ወሬ ምክንያት ዕድገት የቀረበት፣ እጮኛው የተወችው ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ፍርሃታችሁ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ነገር ግን «ለሁሉ አልናገርም» ማለትና «ለማንም አልናገርም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ምረጡ። የሌላውን ሰው ምሥጢር ለእናንተ አምጥቶ የማያውቀውን ምረጡ፤ የሰው ወሬ የሚያመጣላችሁ የእናንተንም ወሬ ይወስዳልና። ከጨዋታ አዋቂው ይልቅ በቀጠሮው ሰዓት የሚገኘውን ምረጡ። የመጀመሪያውንም ቀን ሁሉን አትዘርግፉ፤ ትንሽ ነገር ነግራችሁ ሳምንት ቆዩ። ያ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ካልመጣ ጥቂት ጨምሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለመተማመንም ይሠራል። የምትናገሩትንም ሳትቀምሱ ተናገሩት፤ በሞቅታ የተነገረ ነገር አይቈጠርምና።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። እናንተ ሰውን ለማመን ጊዜ እንደሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ቤተ ሰዎቻችሁም እናንተን ለማመን ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ወር ከመጠጥ ርቆ የቆየ ሰው እናቱ የቦርሳቸውን ዚፕ ሲዘጉ ቢያይ «አሁንም አታምኚኝም?» ብሎ ይቈጣል። እናቲቱ ግን ከዚህ በፊት ሃያ መሐላ ሰምተዋል። ሃያ አንደኛውን መሐላ አትስጧቸው፤ ማታ በሰዓታችሁ ግቡላቸው። ብትወድቁም መውደቃችሁን ለመረጣችሁት ሰው በዚያው ቀን ንገሩት። ታሪክ የሚያውቃቸው ዶክተር እንኳ ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ ወድቀው ተነሥተዋል።

ቀጥሎ ለምትሰሙት፣ ማለት ለአብዛኞቻችን ነው። አንድ ሰው ገመናውን ይዞ ሲመጣባችሁ የመጀመሪያው ሥራ ዝም ብሎ መስማት ነው። ምክራችሁን ይዛችሁ አትሽቀዳደሙ። «ሌላ ሰው ልንገርልህ ወይስ በእኛ ይቅር?» ብላችሁ ራሱን ጠይቁት፤ እኛ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ገንዘብ ቢጠይቃችሁ ገንዘቡን ከመስጠት ይልቅ ምግቡን አብራችሁ ብሉ፤ የመጓጓዣውን ራሳችሁ ክፈሉለት። በግብዣ ላይ ውሃ ሲያዝ ስታዩ ውሃ እዘዙ፤ ለምን እንደ ሆነ ለማንም አታስረዱ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከደረሰ፣ ራሱን አጠፋለሁ ካለ ወይም በድንገት አቁሞ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ያን ጊዜ ምሥጢር ጠብቄያለሁ ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ይዞት ወደ ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው። ከሐኪም የሚደበቅ ምሥጢር ወዳጅነት አይደለም።

ስለ ሐኪም ካነሣን በከተማችን አንድ መጥፎ ልማድ አለ። የአማኑኤልን ሆስፒታል ስም የስድብ ቃል አድርገነዋል፤ አንዱ ሌላውን ሊያዋርድ ሲፈልግ ወደዚያ ይልከዋል። ይህ ሆስፒታል ግን ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ ሳይሆን ሱስ ለያዛቸውም ሕክምና የሚሰጥ ነው። በቀልዳችን የተነሣ ከደጃፉ የተመለሰ ሰው ስንት እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ክፍል በማስተዳደር ላይ ያላችሁ ወጣት ሹማምንትም የበታች ሠራተኛችሁ ለሕክምና ፈቃድ ሲጠይቃችሁ የሕመሙን ስም በጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉ ፊት አታስጠሩት፤ የሐኪሙ ወረቀት ይበቃል።

አሁን ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ከእኛ ዘንድ የተዘጋበት በር ሌላ ቦታ ተከፈተለት። በተከራየበት ግቢ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ ይላቸዋል። ማታ ማታ በሩን ሲከፍቱለት አንድም ቀን ተቈጥተውት አያውቁም። አንድ ሌሊት ግን ደጃፍ ላይ ወድቆ አንሥተው ካስገቡት በኋላ፣ ነጋ ሲል ሻይ ይዘውለት ገብተው እሳቸውም በጕልምስናቸው ዘመን በአረቄ ምክንያት ትዳራቸውን እንዳጡ ነገሩት። ስለሱ አንድ ነገር አልጠየቁትም። በሦስተኛው ቀን እሱ ነገራቸው። ሆስፒታል የወሰዱትም እሳቸው ናቸው፤ ለሐኪሙ መጠኑን ሲያሳንስ «እውነቱን ተናገር ልጄ» ብለው ያስተካከሉትም እሳቸው ናቸው። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቀን በቀን ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማለት ቀድሞ ወደ መጠጥ ቤት በሚገባባት ሰዓት፣ በበር ጠባቂው ቤት ሻይ ይጠጡ ነበር። ከዚህ የበለጠ ጥበብ አልነበረውም።

እኛም ይህን ስንሰማ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ይቅርታውን እንደ ተቀበለ፣ ምሥጢሩን ግን ለጊዜው እንደማይሰጠን ቈርጦ ነገረን። ተገቢ ፍርድ ነው፤ የበላነውን ዕቁብ ሳንመልስ ሁለተኛ ዕጣ ልንጠይቅ አይገባንም ነበር። ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ በአንድ የደመወዝ ቀን ማታ ወደ ጠረጴዛችን ቀርቦ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብረነው እንድንሄድ ጠየቀን። ለምን እንደ ሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በመንገዱ ላይ ያሉትን አራት መጠጥ ቤቶች ስለ እግር ኳስ እያወራን አለፍናቸው። በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ቀንም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ወር ለምን እንደ ሆነ ነገረን። ያን ዕለት የነገረንን ግን እዚህ አንጽፈውም።

እስካሁን የጻፍነውንስ በማን ፈቃድ ጻፍነው? አንባቢ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀን ደስ ይለናል፤ መጠየቅም ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለወዳጃችን ሰጥተነው ሁለት ቀን ቆየበት። ሲመልስልን ሁለት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ነበር። አንደኛው ለጽሑፋችን ከሁሉ የሚያምረው ክፍል መስሎን የነበረው ነው። ለምን ብለን አልጠየቅነውም፤ የሰረዘውን አውጥተን የቀረውን ለእናንተ አቀረብን።